ከኋላ ያለው ቤት

ግቢያችን ውስጥ፣ በወጥ ቤቱና በውኃ ቧንቧው መካከል፣ አራት ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰማያዊና ነጭ የብረት ሣጥን ነበረ። ሞተር የለው፣ ጎማ የለው። በርና መስኮት ግን ነበረው፤ ውስጡም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። እናቴ «የዶሮ ቤት» ትላለች። እህቴ «ቁርጥራጭ ብረት» ትላለች። አባዬ ዝም ይላል።

የውይይት ታክሲ የኋላ ቤት ነበር። ከሚኒባስ ሌላ ሳያይ ያደገ አንባቢ ይኖራልና ላስረዳ። ውይይት ማለት ፒክአፕ መኪና ነው፤ ከጋቢናው በስተኋላ፣ ስፖንዳው ላይ፣ ከአንጎላሬና ከላሜራ የተሠራ ቤት ይደፋበትና ግራና ቀኝ አግዳሚ ይዘረጋለታል። ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ከኋላ ይገባል፤ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ይቀመጣል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ነው። ዘመኑ የደርግ፣ የውይይት ክበብ ዘመን ስለነበረ ቃሉም ከሰው አፍ ሩቅ አልነበረም። እኔ ሳስበው ግን በክበቡ ሰው ተገዶ ይናገራል፤ በታክሲው ውስጥ ደግሞ ከፊቱ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ አፉን ይይዛል። ስሙ የወጣው ለተሳሳተው ቦታ ሳይሆን አይቀርም።

አባዬ ያገለገለች ቶዮታ ሃይሉክስ የገዛው በ1976 ዓ.ም. ነው። ቤቱን በዚያው ዓመት አሠርቶ ጫነባትና ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ ሲመላለስባት ኖረ። ሚኒባሱ እየበዛ ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ መግባቱን እየጠላ ሲመጣ፣ በ1995 ዓ.ም. ቤቱን አውርዶ ግቢ ውስጥ አስቀመጠው፤ መኪናዋን ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ያመላልስባት ጀመር። ቤቱም በየተራ የማገዶ ማስቀመጫ፣ የዶሮ ቤት፣ ቀጥሎም የኔ ማጥኛ ሆነ። ለማትሪክ ያጠናሁት የአባዬ ተሳፋሪዎች በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጣራው ስለሚጮህ ጮክ ብዬ ነበር የማነበው።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ለልማት እንደሚነሳ ተነገረን። የደረሰን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የብረት ቤት አይወጣም። እህቴ ጊዜ አላጠፋችም፤ በሳምንቱ ቆራሌው መጥቶ ቤቱን በእግሩ መታ መታ አደረገና በኪሎ ሒሳብ ዋጋ ጠራ። እውነት ለመናገር የጠራው ዋጋ ክፉ አልነበረም፤ ዕቃ ለማጓጓዝም ገንዘብ ያስፈልገን ነበር።

እኔ ግን «ይጠገንና መኪናዋ ላይ ይመለስ» አልኩ። ለቤተሰቡ ያቀረብኩት ምክንያት የሒሳብ ነበር። ዝናቡ ሊገባ ነው፣ ዕቃችንን በተሸፈነ መኪና እናግዛለን፤ ደግሞም በዚያው ዓመት የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን ቢንከባከብ ይሻለዋል። ያላቀረብኩት ምክንያት አባዬ ነበር። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ግቢው ሊፈርስ መሆኑን ከሰማ ወዲህ ቁጭ ብሎ አጥሩን ማየት አብዝቷል። ያ ቤት ሕይወቱ ነው ብዬ አምን ስለነበር ሕይወቱን አድሼ ልሰጠው አሰብኩ። እሱን ስጠይቀው ግን «እንደፈለግህ» ብቻ አለ። ቅር አለኝ።

ሥራው ከባትላሜራ ነው የሚጀምረው። ያገኘኋቸው ባትላሜራ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ቤቱን መጀመሪያ አላዩትም፤ አዳመጡት። እንደ ሐኪም በጣታቸው እያንኳኩ ዙሪያውን ሄዱ። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፤ ስቱኮ የተሞላ ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ሳላምን ስቀር ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው ለጠፉ፤ ስቱኮው ላይ ሲደርስ ዱብ አለ። «አባትህ ቀለም ሲቀባ ነው የኖረው እንጂ አልጠገነም» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን የዕለት ጉርሱን የሚያሳድድ ታክሲ ነጂ ለጥገና የሚያቆምበት ቀን ከየት ያመጣል?

ቀለሙን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት የምፍቀው እኔ ነበርኩ፤ የእጅ ዋጋ ለመቀነስ። ሰማያዊው ሲነሳ ሌላ ሰማያዊ ወጣ፤ እሱም ሲነሳ ሦስተኛ። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ እንደሚይዝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለዚህ ነው ቀለሙን ከስሩ እንደ ሊጥ የሚነፋው። የተነፋውን ስትነካው ይረግፋል፤ ከረገፈው ስር ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ታገኛለህ። የከፋው ቤቱ ስፖንዳው ላይ የሚያርፍበት የታችኛው ጠርዝ ነበር። ውኃ እዚያ ይተኛል፣ አቧራው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ብረቱም በዝምታ ይበላል። እጅ መያዣው ግን የሚገርም ነው። በጣራው ስር ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ቧንቧ ጫፍና ጫፉ ዝጓል፤ መሐሉ፣ የሰው መዳፍ ሲያሸው የኖረው ክፍል፣ እንደ ብር ያበራል።

ከውስጥ በኩል፣ ከሁለተኛው ቀለም ስር፣ በብሩሽ የተጻፈ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወጣ። ከስሩ አንድ ተሳፋሪ በሚስማር «ለምን?» ብሎ ጭሮበታል። እንግዲህ በሃያ ዓመቱ ውይይት ውስጥ በጽሑፍ የተገኘው ውይይት ይሄ ብቻ ነው።

የታችኛው ጠርዝ ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ አንጎላሬ ተተካ። ጎኑ ላይ ግን ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ የተረፈ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ባመጣ ባትላሜራው ተቆጡ። የክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ነው፤ ሲበየድ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ያንን የሳበ ሰው ማታውን እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ እስኪለቀው አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። «ወይ ደህና ላሜራ ግዛ፣ ወይ የወተት ስጠኝ» አሉ። ወተት ጢሱን ያረክሳል የሚለው የበያጆች እምነት ነው፤ የሚጠቅመው ነፋስ ያለበት ቦታ መሥራት ነው። ላሜራ ገዛሁ። ወተቱንም ገዛሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አባዬ ጋራዡ ድረስ መጣ፤ ሳንጠራው። ቀይ አንቲረስት የተቀባውን ቤት ዙሪያውን አየና ምንም አላለም። ባትላሜራው በመዶሻ ሊያቀኑ የጀመሩት አንድ ጎድጓዳ ቦታ ነበር፤ ከኋለኛው በር አጠገብ፣ በቀኝ በኩል፣ ሰው ቆሞ እጁ የሚደርስበት ከፍታ ላይ። ግጭት ይመስለኝ ነበር። አባዬ ክንዳቸውን ያዘ።

«እሱን ተወው» አላቸው።

«ስቱኮ ሞልቼ ነው የማሳምረው…»

«ተወው አልኩህ እኮ።»

ሰውን መጠየቅ በዲፕሎማ ተምሬአለሁ፤ አባቴን ግን ስለ ሥራው አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ከጋራዡ ፊት ለፊት ሻይ ይዘን ጠየቅሁት። ጎድጓዳው የረዳቱ እጅ ነው። ልጁ ከኋላ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ሰው ሲወርድ በመዳፉ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ሁሉም ሲገባ ሁለት ጊዜ። አንድ ቁም ነው፤ ሁለት ሂድ።

«ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ መኪና ላይ ያወራነው ይቺኑ ነው» አለ አባዬ።

«ሰዎቹስ ምን ይወያዩ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? ጀርባዬን ሰጥቻቸው። የሞተሩ ጩኸት አለ። እዚያ ውስጥ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም።»

ልጁስ የት ደረሰ ስለው ብርጭቆውን አስቀመጠ። በ1982 ዓ.ም. ነው፤ ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ። ፒያሳ ላይ ልጁ አንድ ጊዜ መታ፤ አባዬ ቆመ። ሁለቱን ምት ጠበቀ። ሲዘገይበት ተሳፋሪ እየተደራደረ መሰለው፤ ሲጋራ ለኮሰ፤ ጠበቀ። በኋላ ዞር ብሎ ሲያይ ወጣት የተባለ ተሳፋሪም ልጁም የሉም፤ አንዲት ሴትዮ ብቻ ቅርጫታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

«እኔ ሲጋራ እያጨስኩ ነበር» አለ። ልጁ አልተመለሰም። አባዬ እናቱን ፈልጎ እስከ ቀጨኔ ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር፤ ሁለተኛው ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አገኘ።

ያኔ ገባኝ፤ የጠገንኩለት ሕይወቱን አልነበረም። እኔ ያጠናሁበትን፣ ሌላው ሰው የተሳፈረበትን ቤት ነው የጠገንኩት፤ የሱ ድርሻ መዳፍ የምታህለዋ ጎድጓዳ ነች። እሷንም ለማቅናት ትንሽ ነበር የቀረን። ባትላሜራው ዝገቷን ብቻ ጠርገው አንቲረስት ቀቧት፤ ሰማያዊው በላይዋ ላይ ተረጨ። ብርሃን ከጎን ሲመታት ትታያለች።

ቤቱን ስፖንዳው ላይ ለማስቀመጥ ስድስት ሰው አስፈለገን። የብሎኖቹ ቀዳዳ አንዱ አልገጥም ብሎ በመሰርሰሪያ እንደገና መበሳት ነበረበት፤ አዲሱ አንጎላሬ ከአሮጌው በጣት ውፍረት ያህል ሰፍቶ ነበር። እህቴም አንዱን ጫፍ አንሥታለች፤ ቆራሌው የጠራውን ዋጋ እያስታወሰችን።

ዕቃ ከመጫናችን በፊት በነበረው እሑድ ልሞክራት ስወጣ አባዬ የጋቢናውን በር ከፍቼ ስጠብቀው አልፎኝ ወደ ኋላ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ለመግባት ጊዜ ወሰደበት። በድሮው መስመር፣ ከፒያሳ በአራት ኪሎ አድርጌ ነዳሁ። በመስታወቱ ሳየው በሁለት እጁ ያን የሚያበራ ቧንቧ ይዞ፣ ባዶውን አግዳሚ ፊት ለፊት እያየ ተቀምጧል። ስድስት ኪሎን አልፈን ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስንጀምር ከጀርባዬ ላሜራው ተመታ። አንድ ጊዜ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። አሞት ይሆን ብዬ ሮጬ ከኋላ ስደርስ እሱ ወርዶ ቆሟል፤ ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት ነው።

«በግራ በኩል ያለው አግዳሚ እግሩ ይንኳኳል» አለኝ። «አዲስ አይደለም፤ ብሎኑ የድሮው ነው፣ አይቼዋለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሲንኳኳ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

ካቻቢቴውን ከወንበሬ ስር አውጥቼ ሰጠሁት።