ሳይቀምሱ ማጣፈጥ

ምግብ የሚያበስል ሰው ከሚመካባቸው መሣሪያዎች አንዱ ምላሱ ነው። የጨውን ማነስ ወይም መብዛት የሚያረጋግጠው ከወጡ በመዳፉ ጠብ አድርጎ በመቅመስ ነው። ይሁን እንጂ መቅመስ የማይቻልበት ጊዜ አለ። በአገራችን የምትጾም እናት በቀዳም ሥዑር የፋሲካውን ዶሮ ወጥ የምትሠራው አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ አፏ ሳታስገባ ነው። የጨውን ልክ በእጇ፣ የቁሌቱን መብሰል በአፍንጫዋ ትለያለች። ይህ ዕውቀት በጽሑፍ የሰፈረ አይደለም፤ ከእናት ወደ ልጅ በማየትና በማሽተት የተላለፈ ነው። አገሩን ለቆ ለሚሄድ ሰውም ስንቅ ይሆነዋል።

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ለረጅም ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። ከፊሎቹ ጦርነትና ረኀብ ያሰደዳቸው፣ ከፊሎቹም ሥራ ፍለጋ በመተማ በኩል ድንበር የተሻገሩ ነበሩ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ እንደ ካርቱም ሁለት ባሉ የባለጸጎች ሰፈሮች በቤት ሠራተኛነት ያገለግሉ ነበር። ከጎንደር የሄደች አንዲት ሴትም በ2015 ዓ.ም. በካርቱም ሁለት በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ ምግብ ታበስል ነበር። በዚያ ቤት ከተማረቻቸው ሙያዎች አንዱ በወተትና በክሬም ተነባብሮ የሚጋገር ድንች ነው።

ድንች ለእርሷ እንግዳ አልነበረም። የጥንት መገኛው በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ መሆኑ ይነገራል። በደጋው ገበሬ ዘንድ ድንች ተቀቅሎ በጨውና በበርበሬ የሚበላ፣ አዲስ እህል እስኪደርስ ድረስ ረኀብን የሚያስታግስ ሲሳይ ነው። በካርቱም ሁለት ግን ከሥጋ ጥብስ አጠገብ የሚቀርብ ማባያ ሆኖ አገኘችው። በፈረንሳይ አገር ዶፊኔ የተባለው ክፍለ ሀገር በዚህ ዓይነቱ የድንች አሠራር የታወቀ ነው።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ኪሎ ድንች ከተላጠ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ውፍረት ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ውፍረቱ ካልተስተካከለ ቀጭኑ ሲፈርስ ወፍራሙ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። የተቆረጠው ድንች በውኃ አይታጠብም፤ ወተቱን የሚያወፍረው ከድንቹ የሚወጣው ስታርች ነውና። ግማሽ ሊትር ወተትና አንድ ብርጭቆ ክሬም ከነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ገውዝ ጋር ይሞቃሉ። የመጋገሪያው ሳህን ቅቤ ይቀባል፤ ድንቹ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየደረበ ይነጠፋል፤ በየንብብሩ ጨው ይነሰነሳል፤ ወተቱም ይፈስበታል። ከዚያም በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ይጋገራል። እሳቱ ከበረታ ወተቱ ይበጣጠሳል። ላዩ ወርቃማ መልክ ሲይዝ ይወጣና እስኪረጋ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል።

ሴትዮዋ ይህን ሙያ የተማረችው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነበር። በዚያ ዓመት ጾሙ የተያዘው የካቲት 13 ቀን ሲሆን፣ መጋቢት 14 ቀን ደግሞ ረመዳን ተጀመረ። ስለዚህ ሠራተኛዋ ወተትና ቅቤ አትቀምስም፤ የቤቱ እመቤትም ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል አትቀምስም። በማድ ቤቱ ውስጥ የሚቀምስ ሰው ጠፋ።

«ጨውን በምን ታውቂዋለሽ?» ስትል እመቤቲቱ በሥጋት ጠየቀቻት።

«በእጄ» ብላ መለሰች።

ለአንድ ኪሎ ድንች ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ሰፍራ መዳፏ ላይ አደረገችና ክብደቱን ለየች። ከዚያ በኋላ ማንኪያውን አልነካችውም። የድንቹንም መብሰል በሽታው ታውቅ ነበር። ማታ ማታ ቤተሰቡ ሲያፈጥር ሳህኑ ተጠርጎ ይመለስላታል። እርሷ ግን በእጇ የሠራችውን ምግብ ጣዕም አታውቀውም ነበር፤ በፋሲካ ጾሟን ስትፈታ ልትቀምሰው አስባ ቀኑን ትቆጥር ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በተባለው ጦር መካከል በካርቱም ውጊያ ተከፈተ። ካርቱም ሁለት ከአውሮፕላን ማረፊያውና ከጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ እምብዛም የማይርቅ በመሆኑ የመድፉ ድምፅ የቤቱን መስኮቶች አንቀጠቀጠ። መብራት ጠፋ፤ በማቀዝቀዣ የነበረውም ወተት ተበላሸ። በማግስቱ፣ በፋሲካ ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሁሉም የቀረበው በከሰል የተቀቀለ ድንች በጨው ነበር። እመቤቲቱና ሠራተኛዋ በአንድ ገበታ ተቀምጠው በሉ። ከዚያ በፊት በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ እርሷ በመተማ በኩል ከሚመለሱት ሰዎች ጋር አገሯ ገባች። የዓመታት ጥሪቷ በካርቱም ቀርቶ ነበርና ጎንደር የደረሰችው አንድ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነው። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ወተት ይበላ ነበር። አንድ ቀን ድንች ገዛች፤ በክሬም ፈንታ ከወተት ላይ የተገፈፈ ስልባቦት አዘጋጀች። በእናቷ ቤት የመጋገሪያ ምድጃ ባይኖርም ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች በእሳት እንደሚጋገር ታውቃለች። ስለዚህ ድስቱን በለዘብተኛ ፍም ላይ ጥዳ በክዳኑም ላይ ፍም አደረገችበት።

ሲበስል ሩብ ሰዓት አስቀመጠችውና ለእናቷ አቀረበች። እናቷ ቀመሱ።

«ይህን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አሉ።

«አሠራሩን የካርቱም እመቤቴ፤ ጨዉን እርስዎ» አለች።

ከዚያም ራሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰችው። ጨዉ አልበዛም፤ አላነሰምም።