ራምኤልና የፍላንደርሱ ውሻ

የእህቴ ልጅ የስልኩ ጀርባ ላይ ሰማያዊ አልማዝ የመሰለ ነገር ለጥፎ አየሁና ምንድን ነው አልኩት። «ራምኤል ነዋ! መልአክ ነው። ጋሼ፣ ኢቫንጄሊየንን አላዩም እንዴ? ከእኛው ከመጽሐፈ ሄኖክ የወሰዱት እኮ ነው» አለኝ። ኢቫንጄሊየንንስ፣ ያንን የጃፓን ካርቱን (አኒሜ)፣ አይቻለሁ። እረፍት የነሳችኝ የመጨረሻዋ ነገር ናት። ሄኖክ ሲነሳ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሐበሻ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አልችልበትም።

ራምኤል በ5ኛውና በ6ኛው ክፍል ላይ የሚመጣው ጉድ ነው። ክንፍ የለው፣ ፊት የለው፤ ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ መሬቱን በመሰርሰሪያ ይቦረቡራል፣ የተጠጋውን በጨረር ያነደዋል። እሱን ለመግደል የመላ ጃፓን ኤሌክትሪክ ተሰብስቦ ለአንድ ጠመንጃ ይሰጣል፤ አገሩ ከዳር እስከ ዳር ይጨልማል። (እኛ ዘንድ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር።) ይህ ፍጡር በምን ሒሳብ ነው የሄኖክ መልአክ የሚሆነው?

ሄኖክን ገለጥኩ። ምዕራፍ 6 ላይ በያሬድ ዘመን የሰው ሴቶች ልጆችን ተመኝተው በአርሞን ተራራ ላይ የወረዱት 200 መላእክት ይነሳሉ፤ የአለቆቻቸውም ስም ተዘርዝሯል። ከዋናው አለቃ ከሰምያዛ ቀጥሎ ካለው ሰልፍ መሐል የእኛው ሰው አለ፤ ራምኤል የሚለው አለ፣ ራሙኤል የሚለው አለ፣ እንደ ቅጂው ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ አልዋሸም፤ ግን የለጠፈው ከሰማይ የኮበለለውን ነው። ነገሩ የከፋው ምዕራፍ 20 ላይ ስደርስ ነው። እዚያ ቅዱሳኑ ተራ በተራ ይጠራሉ፤ ዑራኤል፣ ሩፋኤል፣ ራጉኤል፣ ሚካኤል፣ ሰራቃኤል፣ ገብርኤል። ግዕዙ ስድስት ላይ ያቆማል። በግብፅ፣ አክሚም በተባለ ስፍራ፣ ከመቃብር የወጣ የግሪክኛ ጽሑፍ አለ፤ በዚያ ካሉት ቅጂዎች በአንደኛው ላይ ሰባተኛ ስም ተጨምሯል፤ ሬሚኤል። ደጉ ራምኤል እንግዲህ ግሪኮቹ ዘንድ ቀርቷል፤ እኛ ዘንድ ያለው ወራዳው ብቻ ነው። ይህን ሳውቅ የተሰማኝ ቅሬታ ለአንድ ካርቱን የሚገባ አልነበረም።

ቅሬታው ሥር አለው። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ከጎንደር የብራና ቅጂዎችን ይዞ አውሮፓ የገባው በ1773 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው በ1821። ሌላው ዓለም ሰምያዛን በወጉ የተዋወቀው በዚህ መንገድ ነው። ታዲያ አንድ የቶኪዮ ስቱዲዮ ከመላእክቶቻችን ሲበደር ምስጋናውን ቢያስቀርም ጥሩውን እንኳ መርጦ ቢወስድ ምን ነበረበት?

ተከራካሪ ሐሳብም አለ፤ እውነቱን ለመናገር ከእህቴ ልጅ ሐሳብ ይበረታል። በዚያው ፊልም ማታርኤል የተባለው ሸረሪት ከላይ ሆኖ አሲድ ያንጠባጥባል፤ በዕብራይስጡ ሄኖክ፣ ማለትም አይሁድ ከብዙ ዘመን በኋላ በጻፉት ሌላ መጽሐፍ ውስጥ፣ የዝናብ መልአክ ስም ይህ ነው። ከጠፈር እንደ ቦምብ የሚወረወረው ሳሃቂኤልም እዚያው የሰማይ አለቃ ነው። ባርዲኤልም የበረዶው። ስለዚህ አብዛኛው ብድር ከእኛ ሄኖክ ሳይሆን ከጎረቤቱ ነው። እንደ እኔ ግምት ሠሪዎቹ አንድ የመላእክት ስም መዝገብ ከፍተው ለጆሮ የሚጥመውን ለቅመዋል።

መልቀማቸውን ራሳቸውም አልደበቁም። ኢቫንጄሊየን ከጥቅምት 1995 እስከ መጋቢት 1996 በ26 ክፍል ሲታይ የዳይሬክተሩ የሂዴአኪ አኖ ምክትል የነበረው ካዙያ ትሱሩማኪ ኋላ ላይ ተጠይቆ በግልጽ ተናግሯል። ጃፓን ውስጥ የግዙፍ ሮቦት ፊልም ሞልቷል፤ የእኛ ለየት እንዲል ፈለግን፤ ክርስትና አገራችን ውስጥ ብርቅ ስለሆነ ምሥጢራዊ ይመስላል፤ ከሠራተኞቹ አንድም ክርስቲያን አልነበረም፤ አሜሪካና አውሮፓ እንደሚደርስ ብናውቅ ኖሮ ምናልባት ደግመን እናስብበት ነበር፤ ይህን የሚመስል ነው ያለው። እኛ አገር ሰው ምን እንደሚል ሳያውቅ የቻይና ፊደል የተጻፈበት ቲሸርት ለብሶ መርካቶ እንደሚንጎራደደው መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ቂሜን ላውጣው። ሁለት ዓይነት ሰዎች በዚህ ፊልም አሰልችተውኛል። አንዱ ምድር ቤት ውስጥ በመስቀል ላይ የተቸነከረውን ነጭ ግዙፍ፣ የለንጊኖስን ጦር፣ ሲፈነዳ መስቀል የሚሠራውን እሳት አይቶ ጥልቅ ነገረ መለኮት አገኘሁ የሚለው የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። ሌላው እነዚያኑ ነገሮች አይቶ የሰይጣን እጅ ታየኝ ብሎ ጉባኤ የሚያስጨንቀው ነው። ምክትሉ ሁለቱንም ባዶ እጃቸውን ሸኝቷቸዋል፤ ግን ሁለቱም አልሰሙትም።

እኔን የሚገርመኝ ይልቅ መስቀል ጃፓን ውስጥ እንዲህ መቅለሉ ነው፤ አንድ ጊዜ ሕይወት ያስከፍል ነበርና። ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር ጃፓን፣ ካጎሺማ የደረሰው በነሐሴ 1549 ነው። በ1614 ክርስትና በመላ አገሪቱ ታገደ። ከዚያ በኋላ ሰው የክርስቶስን ወይም የእመቤታችንን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ይታዘዝ ነበር፤ ያልረገጠ ይሠቃያል፣ ይገደላል። ሺማባራ ላይ በ1637 የተነሱት ገበሬዎች በተከታዩ ዓመት አለቁ። የተረፉት ክርስቲያኖች ማርያምን የቡድሃ እምነት ምስል አስመስለው ቀርጸው፣ ጸሎቱን ቃል በቃል ለልጅ እያወረሱ፣ ያለ ካህን ከ200 ዓመት በላይ ተደብቀው ኖሩ። በ1865 ናጋሳኪ፣ ኦውራ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ለአንድ ፈረንሳዊ ቄስ ልባችን አንድ ነው ብለው ተገለጡ። እገዳው የላላው በ1873 ነው። የጃፓን ገዢዎች የነበሩት ሾጉኖች ሚሲዮናውያኑን ሲያሳድዱ የእኛው ፋሲል ደግሞ የእነዚያኑ ኢየሱሳውያን ወንድሞች ከአገር ያስወጣ ነበር፤ ሁለት ቤተ መንግሥት፣ አንድ ማኅበር፣ ያው ዘመን። ልዩነቱ ፋሲል ያባረራቸው ስለ ተዋሕዶ ብሎ መሆኑ ነው።

ዛሬ ከጃፓናውያን ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ቢሆን ነው። ክርስቲያን ካልሆነው ብዙው ግን ለሠርጉ ቬሎና ጸሎት ቤት ይከራያል። በ2006 የጀመረ አንድ የቀልድ ማንጋም (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ኢየሱስና ቡድሃን ታቺካዋ ውስጥ አንዲት ክፍል አከራይቶ ያኖራቸዋል። አያቱ ስዕል ያልረገጠ ሕዝብ፣ ወይም አያቱ የረገጠ፣ እንደዚህ ይቀልዳል። እኛ እንኳን ልንቀልድ፣ ተቆጥተን አንጨርሰውም።

ገንዘብ ከፍሎ መንፈሳዊ አኒሜ ያሠራም አለ። የአሜሪካው የፓት ሮበርትሰን የክርስቲያን ቴሌቪዥን ጣቢያ ታትሱኖኮ ለተባለው ስቱዲዮ ከፍሎ በ1981 «ሱፐርቡክ»ን፣ በማግሥቱ ዓመት «በራሪው ቤት»ን አሠርቷል። በመጀመሪያው ሁለት ልጆችና አንድ መጫወቻ ሮቦት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሰጥመው ከነቢያት ጋር ይሮጣሉ። ታትሱኖኮ ከዚያ በፊት የታወቀው በእሽቅድምድም መኪና ፊልም ነበር፤ ሩጫው አልቀረላቸውም። የጣልያኑ ራይ ደግሞ፣ ከቫቲካን በመጣ ሐሳብ ነው ይባላል፣ ኦሳሙ ቴዙካን ብሉይ ኪዳንን እንዲሠራ ለመነው፤ የቡድሃን ሕይወት በማንጋ የጻፈውን ሰው ማለት ነው! ቴዙካ በየካቲት 1989 ሳይጨርሰው ሞተ፤ ሌሎች ጨርሰውት ጣልያን በ1992፣ ጃፓን በ1997 አየችው። ሮኮ የምትባል ቀበሮ ከታሪክ ታሪክ እየዘለለች ታልፋለች። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ያም ሆኖ ስለ ማታርኤል የሚከራከር ወጣት ስለ ሮኮ ሲከራከር ሰምቼ አላውቅም።

በእኔ ሚዛን ከሁሉ የበለጠው ክርስቲያናዊ አኒሜ የመጣው ግን ከለስላሳ መጠጥ አስተዋዋቂ ነው። ካልፒስ የተባለው የወተት መጠጥ ኩባንያ የእሑድ ማታ የልጆች ፊልም ይደግፍ ነበር። በ1974 «ሃይዲ» በዚያ ሰዓት ታየች፤ ብዙዎቻችን ዐረብኛ ስትናገር በዲሽ ያወቅናት ናት። በ1975 «የፍላንደርስ ውሻ» ተተካች፤ 52 ክፍል። የመጽሐፉ ደራሲ ዊዳ እንግሊዛዊት ናት፤ በ1872 ነው የጻፈችው። ወላጅ የሌለው ኔሎ ሥዕል ይወዳል፤ አንትወርፕ ካቴድራል ውስጥ ያሉትን የሩበንስን የስቅለት ሥዕሎች ማየት ያምረዋል፤ መጋረጃ ተጋርዶባቸው በገንዘብ ነው የሚታዩት፤ እሱ ደግሞ ድሃ ነው። በገና ዋዜማ፣ ከቤቱ ተባርሮ፣ በረዶ ለብሶ ይገባል፤ ሥዕሎቹንም በመጨረሻ ያያቸዋል። ውሻው ፓትራሽ ፈልጎት ይመጣና ድንጋዩ ላይ ተቃቅፈው ይሞታሉ። መጽሐፉ ሬሳቸውን ጠዋት አግኝቶ ያበቃል። በአኒሜው ግን ጣሪያው ይበራል፤ ከሩበንስ ሸራ ያመለጡ የሚመስሉ እርቃናቸውን ያሉ ሕፃናት መላእክት ወርደው ልጁንም ውሻውንም ይዘው ያርጋሉ። እንደሚተረከው ያን ጊዜ የካልፒስ አለቃ የነበረው ሰው ክርስቲያን ነበር፤ ሞቱ ወደ እግዚአብሔር መሄድ እንዲመስል የጠየቀው እሱ ነው።

ውሻ ቤተ መቅደስ ገብቶ መሞቱ እኛን ይቀፈናል፤ አንድ ቄስ ጎረቤቴ ይህን ክፍል ሳወራለት መጀመሪያ የጠየቀኝ ካቴድራሉ ዳግመኛ ተባርኮ እንደሆነ ነው። ቤልጂጎቹ ራሳቸው መጽሐፉን አያውቁትም ነበር፤ ጃፓናውያን ጎብኚዎች ልጁ የት ሞተ እያሉ ሲያስቸግሯቸው ነው የነቁት። ዛሬ ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ ልጁና ውሻው የመንገዱን ንጣፍ ድንጋይ እንደ ብርድ ልብስ ለብሰው የተኙበት ነጭ እብነ በረድ አለ፤ በ2016 ነው የቆመው።

ልጆቻችሁ አኒሜ አበዙ ብላችሁ የምትጨነቁ ወላጆች፣ ራምኤልን ከስልክ ላይ ከመላጣችሁ በፊት የዚያን ውሻ 52ኛ ክፍል አብራችኋቸው እዩ። በ1959 የተሠራውን የሆሊውዱን ግን እንዳታመጡባቸው፤ እዚያ ልጁም ውሻውም አይሞቱም።