ሐሜትና አቤቱታ፤ በባንግኮክ ከተማ የሰማነው

ባንግኮክ በደረስን በማግስቱ ጧት፣ ካረፍንበት ቤት ደጃፍ ላይ ፍራፍሬ በጋሪ የምትሸጥ አንዲት ባልቴት አየችንና ፈገግ ብላ «ፋራንግ፤ ፋራንግ» አለችን። እኛም ተገርመን ወደ ኋላችን ዞር ብለን ፈረንጁን ፈለግነው። ዳሩ ግን በዚያ ሥፍራ ከኛ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ግራ መጋባታችንን ተመልክታ ከጋሪዋ ላይ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ዘይቱን አንሥታ አሳየችን። ለካስ በታይ ቋንቋ ነጭ የውጭ አገር ሰው «ፋራንግ» ሲባል፣ ዘይቱንም በዚሁ ስም ይጠራ ኖሯል። ፍሬውን ገዝተን፣ እንደ አገሩ ልማድ በጨው፣ በስኳርና በበርበሬ እያጠቀስን በላነው።

ቃሉ ከኛው «ፈረንጅ» ጋር ካንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። ፍራንክ የተባለው የጥንት የአውሮፓ ሕዝብ ስም በዐረቦችና በፋርሶች አፍ እየተለወጠ፣ አንዱ ወደ ኛ፣ ሌላው በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች በኩል ወደ ሲያም ደረሰ። ሲያም ማለት እስከ 1939 ድረስ የታይላንድ ስም ነበረ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁለቱን አገሮች የሚያመሳስላቸው ይህ ቃል ብቻ አይደለም። ታይላንድም እንደኛ የራስዋ ፊደል አላት። በዘመን አቆጣጠርም እኛ ከአውሮፓውያን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስንሆን፣ እነርሱ 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ 2024 ለነርሱ 2567 ነው። ወደ ቤተ መቅደሳቸው ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። የአውሮፓ ቅኝ ግዛትም ሳይሆኑ ኖረዋል። ባንግኮክ በአገራችን በይበልጥ የምትታወቀው ሕመምተኞቻችን ለሕክምና ስለሚሄዱባት ነው፤ እኛ ግን የሄድነው ለመሥሪያ ቤታችን የሚጠቅም የሦስት ወር ትምህርት ለመከታተል ነበር።

ያረፍንበት ቤት ከትልቁ መንገድ ገባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከኛ በቀር ያሉት ተከራዮች ብዙ ዓመት በአገሩ የኖሩ ፈረንጆች ነበሩ። ከነርሱም መካከል እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ መምህር፣ ጡረታውን እየተቀበለ የሚኖር አንድ ሽማግሌ፣ በንግድ ሥራ የተሰማሩም ሁለት ሰዎች ይገኙባቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም በሰገነቱ ላይ ይሰበሰባሉ። ጨዋታቸውም ዘወትር አንድ ነው፤ ይኸውም ስለ አገሬው ሰው ማማረር ነው።

የመጀመሪያው ሮሮ ስለ ሁለት ዐይነት ዋጋ ነበር። በ1782 መሠረቱ የተጣለውን ታላቁን ቤተ መንግሥት ለማየት የውጭ አገር ሰው 500 ባት ሲከፍል፣ የአገሩ ተወላጅ በነጻ ይገባል። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ሠርቼ ግብር ስከፍል ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን በር ላይ ስደርስ ትላንት ከአውሮፕላን እንደ ወረደ ሰው እቈጠራለሁ» ይል ነበር መምህሩ።

ሁለተኛው ስለ መሥሪያ ቤቶች ነው። በ1979 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ለጊዜው እንዲኖር የተፈቀደለት የውጭ አገር ሰው በየዘጠና ቀኑ አድራሻውን ለመንግሥት ማስታወቅ አለበት። ቤት ያከራየውም ሰው እንግዳው በገባ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንዲሁ ማስታወቅ ይገባዋል። አንደኛው ነጋዴ፣ ያንድ ወረቀት ግልባጭ ስለ ጐደለው ብቻ ሦስት ቀን ተመላልሶ፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ግልባጭ እንደ ተጠየቀ እየማለ ነገረን። ሦስተኛው ሮሮ ደግሞ ስለ መሬት ነው። የውጭ አገር ሰው ባጠቃላይ የመሬት ባለቤት መሆን አይፈቀድለትም፤ በፎቅ ቤቶች ውስጥ መኖሪያ ክፍል ለመግዛት ቢችልም፣ የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ ከሕንጻው የመኖሪያ ስፋት ከመቶ 49 እጅ እንዲያልፍ ሕጉ አይፈቅድም።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስቈጣቸው ግን የአገሬው ፈገግታ ነበረ። «እሺ ይላሉ፤ ነገር ግን አያደርጉትም። አይሆንም ማለት ግን ከቶ አይወዱም» ይላሉ። የታይ ሕዝብ «ክሬንግ ጃይ» የሚለው አንድ ጠባይ አለው። ፈረንጆቹ ይህን ቃል በቋንቋቸው ለመተርጐም ሲቸገሩ አየናቸው፤ እኛ ግን ትርጓሜውን እንደ ሰማን ወዲያው ገባን። ከኛው «ይሉኝታ» ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው፤ ሌላውን ላለማስቸገር፣ ላለማሳፈርና ፊት ለፊት ላለመጋፋት መጠንቀቅ ማለት ነው። ጥፋትም ሲደርስ «ማይ ፔን ራይ» ይላሉ፤ «ምንም አይደል» እንደምንለው መሆኑ ነው። ለለመደው ሰው ይህ የሰላም ቃል ነው፤ ቧንቧው ፈሶበት ሠራተኛ ለሚጠብቀው ሰው ግን መቀለጃ ይመስለዋል።

እውነቱን ለመናገር ሮሮው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። መንገዶቹ ብዙ ሰው የሚያልቅባቸው ናቸው፤ ሞተር ብስክሌት በእግረኛው መሄጃ ላይ ሲነዳ በዐይናችን አይተናል። በሰሜኑ ክፍል፣ በቺያንግ ማይ ከተማ ዙሪያ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ገበሬው ማሳውን፣ እሳቱም ጫካውን ስለሚያቃጥል ጢሱ ሰማዩን ይሸፍናል። ለጐብኝም የተዘጋጀ የቈየ ተንኰል አለ፤ የኛን ባጃጅ በመሰለው «ቱክ ቱክ» የሚሠራ ነጂ ወደ እንግዳው ቀርቦ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው» ይለውና፣ ወደ አንድ የዕንቍ መሸጫ ሱቅ ይወስደዋል። በኛም ላይ ሊሞክረው የፈለገ ሰው ነበር።

ዳሩ ግን በዚያ ሰገነት ላይ ከቶ የማይነሣ ሌላ ወገን ነበረ፤ እርሱም የአገሬው ወገን ነው። በ1855 እንግሊዞች ከሲያም ጋር ባደረጉት ውል መሠረት፣ በዚያ የሚኖር የእንግሊዝ ዜጋ ቢበድል የሚዳኘው በቆንሲሉ እንጂ በአገሩ ዳኛ አልነበረም። ወደ አገሩ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈለው ቀረጥም ከመቶ 3 እንዳይበልጥ ታሰረ። ሌሎችም መንግሥታት የዚህኑ ዐይነት ውል ተከታትለው ወሰዱ፤ ሲያም ከዚህ ቀንበር ፈጽማ የተላቀቀችው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። እኛም በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል ምክንያት የውጭ አገር ሰው በአገራችን በራሱ ቆንሲል ሲዳኝ እንደ ኖረ ስለምናውቅ፣ ይህን ያየ ሕዝብ ለመሬቱና ለበሩ ቢጠነቀቅ አልፈረድንበትም።

የአገሬው ሰው ከጐብኝ ብዛት የሚደርስበት ችግርም አለ። በ2019 ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ እንግዳ ታይላንድን ጐብኝቶአል። ይህ ብዙ ገንዘብና ብዙ እንጀራ ነው፤ ግን ሸክምም ነው። ፒፒ በተባሉት ደሴቶች ላይ የሚገኘው ማያ የተባለው የባሕር ወሽመጥ በሲኒማ ከታወቀ በኋላ በቀን በሺሕ የሚቈጠር ሰው ስለ ጐረፈበት፣ ከውሃው በታች ያለው ዛጐል ተሰባበረ። መንግሥትም በ2018 ሥፍራውን ዘግቶ እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ እንዲያገግም አደረገ። በዚያ የሚኖረው ባለ ጀልባ የእንጀራውን በር በገዛ አገሩ ተዘግቶ አየ፤ ይህን ግን ከሰገነቱ ላይ ያነሣው ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ከበደሉ ንጹሕ ሆነን አይደለም። በሁለተኛው ወር፣ አብሮን ከሚማር አንድ የታይ ወዳጃችን ጋር ከከተማው ርቆ ወደሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። በበሩ ላይ እርሱ 40 ባት ሲከፍል እኛ 400 ተጠየቅን። ገንዘቡ ሳይሆን ነገሩ አሳፈረን፤ ወዳጃችንም በይሉኝታ ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። በዚያው ምሽት ወደ ሰገነቱ ወጥተን የደረሰብንን ተረክን። ከዚያ በፊት ዝም ብለን እንሰማ ስለ ነበር፣ ፈረንጆቹ ደስ ብሏቸው ወንበር አቀረቡልን። እየሳቅን ስለ ዋጋው፣ ስለ ፈገግታውና «እሺ» ብለው ስለሚቀሩት ተጫወትን። በመጨረሻም ከገዛ አፋችን «እነዚህ ሰዎች» የሚል ቃል ወጣ።

ቃሉ ከአፋችን እንደ ወጣ ልባችን ደነገጠ። ቀድሞ የሰማነው ቃል ነበርና።

ልጅ ሳለን በሰሜን አገራችን በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንማር ነበር። አንድ ቀን ተራችን ደርሶ የመምህራኑን ገበታ ስናነሣ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ መምህር ለጓደኛው በእንግሊዝኛ «እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ‹ሕራይ› ይላሉ፤ ነገር ግን አያደርጉትም» አለው። «ሕራይ» በትግርኛ «እሺ» ማለት ነው። እንግሊዝኛውን ያስተማረን ራሱ ነበር፤ የምንሰማው ግን አልመሰለውም። ሳሕኑን እንደ ያዝን ቆመን ቀረን። «እነዚህ ሰዎች» ያላቸው እናታችንና አባታችን፣ ጎረቤቶቻችንም ነበሩ። በዚያው ገበታ ላይ ቋንቋችንን አጥርተው የሚያውቁ አንዲት ሽማግሌ መነኵሲት ነበሩ። ተነሥተው ሳሕኑን ከእጃችን ተቀበሉና በትግርኛ «ኣይትሓዘልና ወደይ፤ ኣጋይሽ ኢና» አሉን። «አትቀየመን ልጄ፤ እንግዶች ነን» ማለታቸው ነው። በትግርኛ እንግዳ «ጋሻ» ይባላል፤ ሲበዙም «ኣጋይሽ» ይባላሉ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ወደ ሰገነቱ መውጣት ተውን። ጡረተኛው ሽማግሌ መቅረታችንን አስተውለው ኖሮ፣ አንድ ጧት በደጃፉ ላይ አገኙንና ምክንያቱን ጠየቁን። እኛም ሳንሸሽግ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «እኔም አማርራለሁ። ነገር ግን ከሚስቴ ዘመዶች ጋር መኖር ስጀምር ቋንቋቸውን ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ የማማርረው በቋንቋቸው፣ ለራሳቸው ነው። እነርሱም ይመልሱልኛል፤ ብዙውን ጊዜም ይረቱኛል» አሉን። ይህን ብለው ወደ ፍራፍሬ ሻጯ ሄዱና ስለ ዘይቱኑ ዋጋ በታይ ቋንቋ ይከራከሩ ጀመር። ሴትዮዋም እየሳቀች በእጅዋ ትገፋቸው ነበር። አምስት ባትም አልቀነሰችላቸው።

በሐሜትና በአቤቱታ መካከል ያለውን ልዩነት በዚያ ጋሪ አጠገብ ተረዳነው። ሐሜት ከባለቤቱ ጀርባ፣ በማይሰማው ቋንቋ የሚነገር ነው፤ ለተናጋሪው ልብ ጥቂት ዕረፍት ከመስጠት በቀር የሚያቃናው ነገር የለም። አቤቱታ ግን ለሚመለከተው ሰው፣ በሚገባው ቃል ይቀርባል፤ የሚያቀርበውም ሰው ራሱ መልስ ለመስማትና ለመረታት የተዘጋጀ መሆን አለበት። እንግዳ አቤት ማለት አይገባውም አንልም፤ የሦስት ቀን መመላለስ በደል ነውና። ነገር ግን ባለቤቱ ባልሰማው ነገር ሊፈረድበት አይገባም።

ወደ አገራችን ተመልሰን ሥራችንን በጀመርን በሳምንቱ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ወረቀቱን ይዞ ከመስኮታችን ፊት ቆመ። አንድ ግልባጭ ጐድሎት ነበር። እኛም እንደ ልማዳችን ፈገግ ብለን «እሺ፤ ነገ ይመለሱ» አልነው። ሰውዬውም «እሺ» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ። ፊቱን ባየን ጊዜ ግን ያ የባንግኮክ ሰገነት ታወሰን፤ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ስለ «እነዚህ ሰዎች» የሚናገረው ሁሉ ተሰማን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኛ ነበር።

ስለዚህ በሩ ሳይደርስ ጠራነው። የጐደሉትን ወረቀቶች አንድም ሳናስቀር በዝርዝር ጽፈን ሰጠነው፤ ነገ የማይፈጸመውንም ነገር «ይህስ ነገ አይሆንም፤ የሚሆነው ሐሙስ ነው» ብለን ቍርጡን ነገርነው። ይሉኝታችን እንዲህ ያለውን ቃል ለመናገር ስላልለመደ ጥቂት አስጨነቀን። ሐሙስ ዕለት ሰውዬው መጣ፤ ወረቀቱም ተፈርሞ ጠበቀው። ሲወጣም በተሰባበረ አማርኛ፣ በቢሮአችን ደጃፍ ወረፋው እንዴት እንደሚጋፋና ያለ ተራው የሚገባም እንዳለ ነገረን። እውነቱን ነበር። ወንበር ስበን አስቀመጥነውና ሰማነው።