የልጅ ልጄ እና የሦስት ደቂቃው ቼዝ

የልጅ ልጄ በስልኩ ፈጣን ቼዝ ይጫወታል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 3 ደቂቃ ብቻ ነው። ጥድፊያው ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በሰንጠረዥ ጨዋታ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ «ወረራ» ይሉታል።

በነርስነት ዘመኔ ተረኛ ስንለዋወጥ የታማሚውን መሻሻልም ችግርም እንነጋገር ነበር። የልጁንም እንዲሁ ላስረዳ። ጥንካሬው፦ ጨዋታ ሲከፍት አይደናገርም፤ ፈረሱ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ ያያል፤ ሰዓቱ ሲያልቅም አይደነግጥም። የሚቀረው፦ ሲሸነፍ ይናደድና ወዲያው ሌላ ይጀምራል፤ ያኔ ንግሥቱን እንዲሁ ያስበላል። እንቅልፉንም ያጣል።

አሁን ተስማምተናል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈ ስልኩ ይቀመጣል፤ የተሸነፈበትን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቀስ ብሎ ያሳየኛል። በድንገተኛ ክፍልም ፈጣን እጅ የሚገኘው በዝግታ ከተለማመዱ በኋላ ነው።