«ቢወዳት ነው»

ደሴ ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ይህችን ሴት ያውቃታል። በርበሬዋን ሰፍራ ሳትጨርስ ስልኳ ይጮኻል፤ ባሏ ነው። «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?» ትመልሳለች፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጮኻል። ሲብስባት ስልኩን አጠገቧ ለተቀመጠችው ነጋዴ ታቀብላታለች፣ «አዎ ወንድሜ፣ እዚሁ ከእኔ ጋር ናት» እንድትልላት። የሸጠችበትን ማታ ሳንቲም ሳይቀር ታስረክባለች። እኛም «ቢወዳት ነው የሚቀናው» ብለን እናልፋለን።

ጥቃት ሲባል የበለዘ ዓይን ብቻ የሚታየን ብዙ ነን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዱላው ከመምጣቱ በፊት ሌላው ሁሉ መጥቷል። መጀመሪያ ከእናቷ ቤት ያስቀራታል፣ ከዚያ ከእህቶቿ፣ ከዚያ ከጎረቤት ቡና። ገንዘቧን ይይዛል፤ በሰው ፊት ያዋርዳታል። አንድ ቀን እንኳ እጁን ባያነሳ፣ ፊቱን አይታ ነው የምትናገረው። አንገቷን አንቋት የሚያውቅ ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው፤ ማነቅ አንድ ቀን ሊገድላት እንደሚችል ከሚያስጠነቅቁ ዋነኛ ምልክቶች አንዱ ነው። «ያኔ ተናዶ ነበር» ተብሎ አይታለፍም።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያወጣው አንድ ውጤት ሁሌም ያመኛል። ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ናቸው፤ ሴቶቹ 63 በመቶ። ከተጠየቁት ምክንያቶች አንዱ ምግብ ማሳረር ነው። ሴቶቹ ይህን ከየት ተማሩት? «ቻይው ልጄ፣ እኛም ችለን ነው» ስንላቸው፣ «ገመናሽን አታውጪ» ስንላቸው ነዋ!

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጉዳት ወንጀል መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። አስገድዶ መድፈርን ግን ከጋብቻ ውጪ ለሚፈጸመው ብቻ ነው የደነገገው፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ክፍተት ነው።

በእኛ ወሎ ግን ጉዳዩ ከፖሊስ በፊት ሽማግሌ ጋ ይደርሳል። ሽማግሌዎቻችን ስንት ደም አድርቀዋል፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ምን በደለሽ?» ይሏታል። ማታ ከእሱ ጋር አንድ ቤት የምትገባ ሴት ምን ብላ ትመልስ? «ምንም» ትላለች። ይታረቃሉ፣ ይመረቃሉ፣ ይሸኛሉ።

አባቶቼ፣ ሸሆቻችንም ቄሶቻችንም፣ መጀመሪያ ለብቻዋ ጠይቋት። እሄዳለሁ ካለች ደግሞ መቼና ወዴት እንደምትሄድ ለእሱ አትንገሩት፤ ሴት ለሕይወቷ ከሁሉ ይበልጥ የሚሰጋላት ትታው በምትወጣበት ሰሞን ነው።