በእንግድነት ስለ ማደር

መምህር የሆነ ሰው የደመወዙን ልክ ያውቃልና፥ ከቤተ ሰቡ ጋር ለመንገድ በሚነሣበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያሰላው የማደሪያውን ዋጋ ነው። እኔም በ2010 ዓ.ም. ለጥምቀት በዓል ወደ ጎንደር በሄድን ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ። ሆቴል ገብቶ ሁለት ክፍል ከመያዝ ይልቅ ሙሉ ቤት በደላላ መከራየት ይረክሳል፤ ማድ ቤትም አለው፤ እናቴም እንደ ልማዷ በራሷ ጀበና ቡናዋን ታፈላለች ብዬ ደስ አለኝ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ቁልፉን ከጎረቤት ሱቅ ተቀበልን፤ የቤቱን ጌታ እስክንመለስ ድረስ በዓይናችን አላየነውም። በከተራ ማታ ውሃው ተቋረጠ፤ በተሰጠንም ስልክ ብንደውል የሚያነሣ አልተገኘም። በማግሥቱ እኔና ልጆቹ ከአፄ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆመን ጸበሉ ሲረጭብን፥ ባለቤቴ ጀሪካን ይዛ ውሃ ስትፈልግ፥ ሽንኩርት ስትከትፍ አረፈደች። በተመለስን ጊዜ «በዓሉ እንዴት ነበረ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ጎንደር ድረስ ይዣት ሄጄ፥ ከአገር ቤት እንደ ቀረ ሰው ወሬውን ስነግራት አፈርሁ።

ስለዚህም በ2011 ዓ.ም. ለልደት ወደ ላሊበላ ስንነሣ ሒሳቡን ለወጥሁት። ያረፍንበት ቤት ዛሬ «ቡቲክ ሆቴል» ከሚባሉት ወገን ነው። ስሙ ለእኔ ለአፌ ይከብደኛል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ የላስታን ክብ የድንጋይ ቤት አስመስለው የተሠሩ ጥቂት ክፍሎች ያሉበት፥ ባለቤቶቹም ከዚያው ግቢ የሚኖሩበት ቤት ነው። ለ3 ሌሊት የከፈልነው ለኪራይ ቤት ከምንከፍለው ይልቅ የወር ደመወዜን እሩብ ያህል ይበልጥ ነበርና፥ በልቤ አላጉረመረምሁም ብል ሐሰት ይሆንብኛል።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ናትና የታኅሣሥ ሌሊቷ ብርቱ ነው። በመጀመሪያይቱ ሌሊት እናቴን ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ዘበኛው መብራታችን በርቶ ቢያይ የቤቱን እመቤት ቀሰቀሳት፤ እርሷም ጋቢ ደርባ ፈጥና መጣች። «እማማ፥ አይዞዎት፤ ከፍ ብለው ይደገፉ» እያለች ትራስ ደራረበችላት፤ ወንድሟንም መኪና አስነሥታ ከሐኪም ዘንድ አደረሰችን። ሳይነጋ ተሽሏት ተመለስን። በዚያ በጎንደሩ ቤት ብንሆን ኖሮ ማንን እንቀሰቅስ ነበር?

አብርሃም እንግዶቹን ከድንኳኑ ደጅ ወጥቶ ተቀበላቸው እንጂ ቁልፍ ከጎረቤት አላኖረላቸውም። በርግጥ እመቤቲቱ ዋጋዋን ተቀብላለች፤ እኔም ይህን አልረሳሁም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ብዙ ቀን በእግሩ የተጓዘ ምእመን ከመሬት ላይ ተኝቶ፥ የከተማው ሰው ያለ ዋጋ እግሩን ሲያጥብለት ባየሁ ጊዜ ሙቅ አልጋዬ ኮረኮረኝ። ወር ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው፥ ወይም ሕፃናት ለበዙበት ቤተ ሰብ፥ የኪራይ ቤት እንደሚሻል አልክድም። ለበዓል የሄደች የቤት እመቤት ግን ከቤቷ ማድ ቤት ወደ ሌላ ማድ ቤት ብትዛወር ጉዞዋ ምኑ ላይ ነው?

በልደት ጧት ሐኪሙ ብርድ ላይ እንዳትቆም ስለ ከለከላት እናቴ ከሆቴሉ ቀረች፤ የቤቱም እመቤት «እኔ አለሁ» አለችን። እኔና ባለቤቴ ልጆቹን ይዘን ከቤተ ማርያም ደረስን። ካህናቱ ነጭ ለብሰው እኩሌቶቹ ከማሜ ጋራ አፋፍ፥ እኩሌቶቹም ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲቀባበሉ፥ ባለቤቴ ከአጠገቤ ቆማ በእጇ ታጨበጭብ ነበር።

ስንመለስ የፍስኩ ማዕድ ተሰናድቶ ቆየን። እናቴ ግን ጀበናውን ከእመቤቲቱ እጅ ተቀብላ፥ በሰው ግቢ ራሷ ቡና ታፈላለች፤ እመቤቲቱም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር።