ከግጭ ምንጭ እስከ አትባራ

ከጎንደር በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚያደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብዙውን የሚጓዘው ውኃን ግራና ቀኝ በሚከፍል ሸንተረር ላይ ነው። በስተ ምሥራቅ የዘነበው ወደ ተከዜ፣ በስተ ምዕራብ የዘነበው ወደ አንገረብ ይወርዳል። ሁለቱም ሱዳን ገብተው ከአትባራ ይቀላቀላሉ፤ አትባራም ዓባይን ይገናኛል። ከዚያ በታች እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ ለዓባይ የሚገብር ሌላ ወንዝ የለም። ከአንድ የዳባት ቤት ጣራ ግራና ቀኝ የወረደ ጠፈጠፍ ግብፅ ማሳ ላይ ይገናኝ ይሆናል ማለት ነው!

የግብፅን ሥልጣኔ የዓባይ ደለል እንደ ሠራው በትምህርት ቤት ተምረናል። ደለሉ ከማን ማሳ ታጥቦ እንደ ሄደ ግን እምብዛም አልተነገረንም።

ውድ አንባቢያን፣ ከደባርቅ አልፎ በሰሜን ተራሮች፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ግጭ የሚባል የሙስሊሞች መንደር ነበር። ብርዱ ከገብስ ሌላ እህል እምብዛም አያበቅልም፤ ግጦሽና ውኃ ግን ነበረ። በአቅራቢያው ያለው የጅንባር ወንዝ ከገደሉ አፍ ወደ 500 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል። የደጋው ጓሳ ሣር የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ተዳፋቱ ሲታረስና ከብት ሲበዛበት ግን ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይነጉዳል፤ ምንጩም ይሳሳል። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ቢመዘገብም በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ገባ። በ2017 ከዚያ መዝገብ የወጣው የግጭ ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ከወረዱ በኋላ ነው።

ዙበይር (ረ.ዐ.) ከአንድ አንሷሪ ጋር በመስኖ ውኃ በተካሰሱ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የላይኛው አጠጥቶ ለታችኛው እንዲለቅ መፍረዳቸው የታወቀ ነው። የግጭ ሰው ውኃውን ብቻ ሳይሆን ምንጩንም ለቅቋል። ታችኛውስ ለእርሱ ምን አለበት? ካሳ ተከፍሏል፤ ነገር ግን ገንዘብ ያልቃል፣ ሞፈርና በግ ለለመደ እጅም ከተማ መሬት አይሆነውም።

በአትባራ ዳር ደግሞ ሌሎች የውኃ ስደተኞች አሉ። የአስዋን ታላቁ ግድብ መንደራቸውን የዋጠባቸው የሐልፋ ኑቢያውያን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ሰፈሩ። እርሻቸውን እንዲያጠጣም በ1964 የኸሽም አል-ጊርባ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ከእኛ ደጋ በሚወርደው ደለል ተሞልቶ ግማሽ ያህል አቅሙን አጥቷል። ቢሆንም ለሐልፋ ሰዎች የተሰጣቸው በመስኖ የሚለማ መሬት ነበር።